ኖራ መሬቷን ትልቀቅ ወይስ አትልቀቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ አጻጻፍ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልን ባልነው መሠረት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ ስለ አንድ ነገር የተጻፉ ሆነው ስላገኘናቸው የዚህን ወር ገጽ ለእነርሱ ሰጥተናል። ነገሩ ከ1845 እስከ 1852 አየርላንድን የመታው ታላቁ ረሃብና ያስከተለው ስደት ነው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብሊን ነው፤ ሥራዬም አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ስሄድና ስመለስ በሊፊ ወንዝ ዳር የቆሙትን፣ ልብሳቸው በላያቸው ላይ ያለቀ፣ ወደ መርከብ የሚያዘግሙ የነሐስ ሰዎች በየቀኑ አያለሁ። ከመካከላቸው አንዲቱ ሴት ከሐሳቤ አልወጣ ስላለችኝ ስለ እርሷ በአማርኛ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርኩ፤ ስሟንም ኖራ አልኳት። ኖራ በ1847 ከክሌር አውራጃ ተነሥታ ኒው ዮርክ ትደርሳለች። አምስት ምዕራፍ ጽፌ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ብልክላት «ልጄ፣ ባሕር ዳር ተቀምጦ በረሃብ የሚሞት ሰው አለ እንዴ? ድንቹ ቢጠፋ ሌላ እህል አይበሉም?» አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ሁለተኛው ችግሬ ታሪኩ አልንቀሳቀስ ማለቱ ነው፤ ኖራ ትራባለች፣ ትራባለች፣ ከዚያም መርከብ ትሳፈራለች። ሦስተኛ፣ እርሷ የምትናገረው አይሪሽኛ፣ ሹማምንቱ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ሁሉንም በአማርኛ ስጽፈው ልዩነቱ ጠፋብኝ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ምዕራፍ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ።

መልስ፦ እናትዎ የጠየቁት መጽሐፉን የሚከፍት የአማርኛ አንባቢ ሁሉ ገና ከጅምሩ የሚጠይቀውን ነውና መልሱ በልብ ወለዱ ውስጥ መገኘት አለበት። እርሱ ሲገኝ ሁለተኛው ችግርዎም አብሮ የሚፈታ ይመስለኛል።

ከገበታው እንነሣ። በምዕራብ አየርላንድ ጭሰኛ ቤት ድንች በትልቅ የብረት ድስት ይቀቀላል፤ ሲበስል በጠፍጣፋ ቅርጫት ላይ ተገልብጦ ውኃው ይጠፋል፤ ከዚያ ቅርጫቱ እንዳለ በድስቱ አፍ ላይ ይቀመጥና ቤተሰቡ ዙሪያውን ከብቦ፣ ጨው እየነካ፣ ሲገኝም አሬራ እየተጎነጨ ይበላል። ልጣጩ የሚገፈፈው በአውራ ጣት ጥፍር ነው። መሶብ ከብቦ ላደገ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግምና ቅርጫቱን ብቻ ያሳዩት። ጉልበተኛ ወንድ በቀን እስከ ስድስት ኪሎ ድንች ይበላ ነበር፤ ከስምንት ሚሊዮን ከሚበልጠው ሕዝብ መካከል ሦስት ሚሊዮን የሚሆነው ኑሮውን በድንች ላይ ብቻ የጣለ ነበር፤ በቁራሽ መሬት ላይ ቤተሰብ የሚያኖር ሌላ ተክል አልነበረውምና። በደጉ ዘመንም ቢሆን አሮጌው ድንች አልቆ አዲሱ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ክፉ ነበር፤ በቋንቋቸው «የጎመን ሐምሌ» ይሉታል። የእኛ ሰው መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እያለ የሚሸኘው ያንኑ ወቅት አይደለምን? ይህን ሐረግ ኖራ አፍ ውስጥ አያስገቡት፤ አንባቢው ራሱ ያስታውሰው።

እህልስ አልነበረም ወይ? ነበረ። የኖራ ባል አጃ ይዘራል፤ አጃው ግን ለመሬቱ ኪራይ የሚሸጥ ነው። አሳማም ያረባሉ፤ እርሱም የሚሸጠው ለኪራዩ ነውና «ኪራይ ከፋዩ ጌታ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። (አሳማ ሲሰማ ፊቱን የሚያዞር አንባቢ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይሁንና ከታሪኩ አያውጡት፣ ሒሳቡ ያለ እርሱ አይገጥምም።) አሳማው የሚቀለበው ደግሞ በተረፈው ድንች ነው። በ1845 መስከረም አየርላንድ ውስጥ የታየው፣ ሊቃውንቱ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የሚሉት ሻጋታ መሰል በሽታ የድንቹን ቅጠል አጠቁሮ ፍሬውን በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚከረፋ ዝቃጭ ያደርገዋል፤ በ1846 ደግሞ ምርቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ጠፋ። ድንቹ ሲጠፋ አሳማው ተሸጠ፤ አሳማው ሲሸጥ ለኪራይ የቀረው አጃው ብቻ ሆነ፤ አጃውን የበላ ከመሬቱ ይነቀላል፣ ያልበላ ይራባል። ለእናትዎ የምንሰጠው መልስ ይህ ሒሳብ ነው።

ስለ ዓሣው፦ በዚያ ዳርቻ ያሉ ድሆች ታንኳ ከቀጭን የእንጨት አጽም ላይ ቆዳ ወይም ሸራ ተወጥሮ የሚሠራ እንጂ የአትላንቲክን ማዕበል ጥሶ ርቆ የሚሄድ አልነበረም፤ ረሃቡ ሲጠና ደግሞ ብዙ አጥማጆች መረባቸውን ሸጡ ወይም አስያዙ። መረቡን ያስያዘ ሰው ባሕር ዳር ቢቀመጥ ምን ሊያደርግ ነው?

በ1846 መገባደጃ እህል የጫኑ ጋሪዎች በወታደር ታጅበው ወደ ወደብ ይወርዱ እንደነበር እውነት ነው፤ ሆኖም እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ። በ1847 ወደ አየርላንድ የገባው እህል ከወጣው ይበልጣል። ስለዚህ «እህላችንን ሁሉ ወስደው ፈጁን» የሚል ገጸ ባሕርይ ቢያስገቡ ይናገር፤ ተራኪዋ ግን አትበል። የገባው እህል በብዛት የደረሰው እጅግ ከባድ ከነበሩት የብርድ ወራት በኋላ ነው፤ ሲደርስም የሚገዛበት ሳንቲም ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

መንግሥት ምን አደረገ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ እርስዎም ልብ ወለዱ ውስጥ ከዚህ በላይ እንዳያስረዝሙት። አየርላንድ በዚያን ጊዜ ከብሪታንያ ጋር በአንድ ፓርላማ ትተዳደር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰር ሮበርት ፒል በ1845 መጨረሻ 100,000 ፓውንድ የሚያወጣ በቆሎ ከአሜሪካ በምስጢር አስገዙ። እህሉ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለነበር ደጋግሞ መፈጨት ይገባው ነበር፤ ሳይደቅና ሳይበስል የበሉት ሰዎች ሆዳቸውን ስለቆረጣቸውና ቢጫም ስለነበር «የፒል ድኝ» የሚል ስም አወጡለት። የበቆሎ ገንፎ ያገነፋች አንባቢ ኖራ ያንን ዱቄት ድስት ውስጥ ስትጨምር ገና ስሕተቷን ታያለችና ይህ ትዕይንት በሚገባ ይጻፍ። በ1846 አጋማሽ የተተካው የሎርድ ጆን ራስል መንግሥትና የግምጃ ቤቱ ረዳት ጸሐፊ ቻርልስ ትሬቬልያን ገበያው ራሱ ያበላል ብለው ስላመኑ ለተራበው እህል ሳይሆን የቀን ሥራ ሰጡት፤ በ1847 መጋቢት ከ700,000 የሚበልጥ ሰው፣ ሴቶችና ልጆች ጭምር፣ በበረዶ ውስጥ ድንጋይ ይፈልጥና መንገድ ይጠርግ ነበር። ከመንገዶቹ አንዳንዶቹ የትም የማያደርሱ ናቸው። ያም አልሆን ሲል በዚያው ዓመት በጋ የሾርባ ማዕድ ተከፈተ፤ በሐምሌ ወር በቀን ሦስት ሚሊዮን ሰው ይመገብ ነበር። ማብላት እንደሚቻል ታየ ማለት ነው፤ በመከር ግን ተዘጋ።

ወደ ዋናው ነገር የምንደርሰው አሁን ነው። በ1847 ሰኔ በወጣው የድሆች ሕግ ማሻሻያ ውስጥ ዊልያም ግሪጎሪ የተባለ የፓርላማ አባል ያስገባው አንድ አንቀጽ ነበረ፤ ይኸውም ከሩብ ኤከር የበለጠ መሬት የያዘ ሰው መሬቱን ካልለቀቀ በቀር ከሕዝብ ገንዘብ ርዳታ አያገኝም የሚል ነው። ሩብ ኤከር አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ በእኛ ገበሬ አለካክ ግማሽ ጥማድ አይሞላም። መሬቱን የለቀቀ ሰው ድንቹ በሚቀጥለው ዓመት ቢመለስ የሚተክልበት የለውም፤ ያልለቀቀ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ላያይ ይችላል። በዚያ ላይ ግምቱ ከ4 ፓውንድ የማይበልጥ ይዞታ ሲሆን ለርዳታው የሚሰበሰበው የድሆች ግብር የሚከፈለው በባለመሬቱ ስለነበር ባለመሬቱ ትናንሽ ጭሰኞቹ ቢነቀሉለት ይጠቀማል፤ ስለዚህ አንዳንዱ የባለመሬት ወኪል ሩብ ኤከሯንም ጎጆውንም ጨምረህ ልቀቅ ይላል፤ ሲለቅቁም ተመልሰው እንዳይገቡ ጣራው ይናዳል።

የልብ ወለድዎ ቋጠሮ ይህች ሩብ ኤከር ናት። ረሃብ ብቻውን ታሪክ አይሆንም፤ ሰውን ያደክማል እንጂ አያስመርጥም፤ ይህ አንቀጽ ግን አንዲትን እናት እንድትመርጥ ያስገድዳል። ኖራና ባሏ ሦስት ኤከር አላቸው እንበል። ባልየው አባቱ ያረፈበትን መሬት አልለቅቅም ይላል፤ ኖራ የልጆቹን ክንድ በጣቶቿ እየለካች ሌሊቱን ታድራለች። በ1848 ሕጉ ላልቶ መሬቱን እምቢ ያለ ሰው ሚስትና ልጆች ብቻቸውን ርዳታ ሊቀበሉ ይችላሉ ስለተባለ ታሪኩን በአንድ ዓመት ቢገፉት ሌላ ምርጫ ይከፈትልዎታል፦ ባሏን ከመሬቱ ጋር ትታ ትሄዳለች? ርዳታ ፈላጊ ድሆች ገብተው እየሠሩ የሚኖሩበት የነዳያን ቤት በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ ባል ለብቻ፣ ሚስት ለብቻ፣ ወንዶች ልጆች ለብቻ፣ ሴቶች ልጆች ለብቻ ይለያሉ፤ ከእናቱ ጋር እንዲቆይ የሚፈቀድለት ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ብቻ ነው። እንግዲህ የኖራ ትንሿ ልጅ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ቢሆናትስ? በሩ ላይ መዝገብ የያዘ ጸሐፊ ዕድሜዋን ይጠይቃል። ልጅቱ ከረሃቡ የተነሣ የአንድ ዓመት ሕፃን ትመስላለች። ይህ ትዕይንት አንድ ምዕራፍ ይበቃዋል።

በነገራችን ላይ ያንን ተቋም በረቂቅዎ «የሥራ ቤት» ብለውታል፤ የቃል በቃል ትርጉሙ ልክ ቢሆንም በእኛ ዘንድ ሥራ ቤት ወጥ የሚሠራበት ነውና አንባቢ ኖራ ምግብ ወዳለበት የገባች ይመስለዋል። እኔ ከላይ እንዳልኩት «የነዳያን ቤት» ብል እመርጣለሁ።

ከመቀጠልዎ በፊት አንድ እውነተኛ ቃል ያንብቡ። እርስዎ በመረጡት በክሌር አውራጃ፣ በኪልረሽ ከተማ ዙሪያ የተካሄደው ማፈናቀል በመላው አገር ከከፉት አንዱ ነበር፤ የድሆች ሕግ ተቆጣጣሪው ካፕቴን አርተር ኬኔዲ የፈረሱትን ቤቶችና የተባረሩትን ሰዎች እየዘገበ ወደ በላይ ይልክ ነበር። በ1849 ታኅሣሥ አንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ ብሪጅት ኦዶኔል የተባለችን ሴት ከልጆቿ ጋር ሥሎ ቃሏንም አትሟል። ባሏ አራት ኤከር ተኩል መሬትና ሦስት ኤከር ረግረግ ነበረው፤ የዓመቱ ኪራይ 7 ፓውንድ ከ4 ሺሊንግ ነው፤ ዕዳ ነበረባቸው። ቤቱን ሊያፈርሱ ሲመጡ እርሷ ነፍሰ ጡር ሆና በትኩሳት ተኝታለች፤ ሁለት ጎረቤት ሴቶች ተሸክመው አወጧት፤ በሌላ ጎጆ ስምንት ቀን ተኝታ የወለደችው ሕፃን ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ በትኩሳት ወደቀ፤ የ13 ዓመት ልጇም እነርሱ ታምመው ሳሉ በረሃብ ሞተ። የዘሩት እህል ተወስዶ ኪልረሽ ላይ ተሸጠ። ኪራዩን እስከ ሺሊንጉ ታስታውሳለች፣ እህሉን የወሰዱትን ሰዎች በስም ትጠራለች፣ ስለ ኀዘኗ ግን አንድ ቃል አትናገርም። በላኩልን የመጀመሪያ ምዕራፍ «ልብ የሚሰብር» የሚለው ሐረግ በሁለት ገጽ ውስጥ አራት ጊዜ ተጽፏል። አራቱንም አውጥተው በምትካቸው የኪራዩን ልክ ቢያስገቡ ምዕራፉ ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። እነርሱም እንደ እኛ ሙሾ አውራጅ ሴቶች ነበሯቸው፤ ሟቹን በስሙና በዘሩ እየጠሩ፣ ግጥም እያወረዱ የሚያስለቅሱ። በ1847 ግን ሰው ከተስቦው የተነሣ ለቅሶ ቤት መግባት ፈራ፤ አልቃሾቹም አብረው ሞቱ፤ በአንዳንድ ቦታ አስከሬን ወደ ጉድጓድ የሚወርደው ታችኛው ጣውላ በማጠፊያ እየተከፈተ ተመልሶ በሚያገለግል ሣጥን ነበር። በረቂቅዎ ውስጥ የኖራ አማት ስትቀበር መንደሩ ሁሉ እያለቀሰ ይከተላታል። ወደ 1844 ካልመለሱት በቀር ያንን ለቅሶ ይሰርዙት፤ ሙሾ የሌለበት ቀብር ምን ማለት እንደሆነ የአማርኛ አንባቢ ሳይነገረው ይገባዋል።

የመጨረሻው ምዕራፍ በርካታ እርማት ይፈልጋል። ኖራ መርከቧ ወደ ኒው ዮርክ ስትገባ የነፃነት ሐውልትን አይታ ታለቅሳለች፤ ሐውልቱ የተመረቀው ግን በ1886 ነው። የስደተኞች መቀበያ የሆነው ኤሊስ ደሴትም የተከፈተው በ1892 ሲሆን በመጀመሪያ በበሩ ያለፈችው አኒ ሙር የተባለች የኮርክ ልጅ በመሆኗ ሁለቱ ዘመኖች በሰው ሁሉ አእምሮ ይደባለቃሉ። በ1847 ከመርከብ የወረደ ሰው የሚጠብቀው ደላላ ነው፤ በገዛ ቋንቋው «የአገሬ ልጅ» እያለ ሻንጣውን ይነጥቅና ወደ ውድ ማደሪያ ይወስደዋል። ከሐውልቱ ይልቅ ይህ ደላላ ይሻልዎታል።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ወደ ኒው ዮርክ መሳፈሪያው ወደ ካናዳ ከሚከፈለው ይበልጥ ነበር፤ ምክንያቱም ከካናዳ እንጨት ጭነው የሚመጡ መርከቦች ባዶ ከመመለስ ሰው መጫንን ይመርጡ ነበር። ስለዚህ ወይ ቀድማ የሄደች እኅት ገንዘቡን ትላክላት፣ ወይም ባለመሬቱ ራሱ ከፍሎ ያስወጣት። በሮስኮመን አውራጃ የስትሮክስታውን ባለመሬት ሜጀር ዴኒስ ማሆን በ1847 ወደ 1,490 የሚሆኑ ጭሰኞቹን በቦይ ዳር በእግር ወደ ደብሊን፣ ከዚያ በሊቨርፑል በኩል ወደ ኩቤክ ልኳል፤ ብዙዎቹ በመንገድ አልቀዋል፤ እርሱም በዚያው ዓመት ኅዳር በጥይት ተገድሏል። የምትሳፈረው ወደ ካናዳ ከሆነ ኖራ ግሮስ ኢል በተባለችው የማቆያ ደሴት ማለፏ አይቀርም፤ በ1847 ብቻ ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች የተቀበሩባት ናት፤ በዚያ ዓመት መጀመሪያ የሞተችውም የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። በመርከቡ ላይ በሕግ የተፈቀደው ምግብ በሳምንት ሦስት ኪሎ ከሩብ ገደማ ዱቄት ወይም ብስኩት ነው፤ ሰዎቹን የፈጀው ግን በአብዛኛው በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ነበር። ይሁንና መርከብ ሁሉ ተንሳፋፊ ሬሳ ሣጥን አልነበረም፤ ጂኒ ጆንስተን የተባለችው መርከብ በ16 ጉዞዋ አንድም ሰው አልሞተባትም። ኖራን የግድ በአስከሬን መካከል ማሻገር የለብዎትም።

ስለ ቋንቋው። በምዕራቡ ክፍል አብዛኛው ድሃ አይሪሽኛ ተናጋሪ ስለነበር ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የኖራን አይሪሽኛ በሙሉ ለዛው፣ በተረትና ምሳሌው፣ በምርቃቱና በእርግማኑ ይጻፉት፤ የወኪሉንና የጸሐፊውን እንግሊዝኛ ደግሞ በደረቅ የቢሮ አማርኛ፣ «በተጠቀሰው ቀን ይዞታውን እንዲያስረክቡ» በሚለው ዓይነት። ኖራ አሜሪካ ደርሳ በሰው ቤት ስትቀጠር ነገሩ ይገለበጥ፦ እመቤቲቱ አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ኖራ በአጭር በአጭሩ ትመልሳለች፤ ደብዳቤ ለአገሯ ስታጽፍ ብቻ የቀድሞው አንደበቷ ይመለሳል። አማርኛን ሆን ብሎ ማበላሸት ግን ሳቅ ያመጣልና ይተዉት። ስሟንም አስቡበት ይሉኝ እንደሆነ፣ አልቀይረውም። በአማርኛ ኖራ ስንል ግድግዳ የሚቀባበት ነው፣ «እዚህ ኖራ ሄደች» የሚለውም ነው፤ ሁለቱም ያምርባታል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የታሪክ መምህር ነኝ። የእኛን ክፉ ቀን ለተማሪዎቼ ሳስተምር የአየርላንዱን ረሃብ ማነጻጸሪያ ባደርገው ስሕተት ይሆንብኛል? በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ አየርላንዳውያን ያን ያህል የተንቀሳቀሱትስ የራሳቸውን አስታውሰው ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ማነጻጸሩ ጥሩ ነው፤ ማመሳሰል እንዳይሆን እንጂ። ሁለቱም ከውጭ በገባ፣ አገሬው በማያውቀው በሽታ ጀመሩ፤ እዚያ ድንቹን፣ እዚህ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል ገብቶ ከብቱን የፈጀው ደስታ በሽታ። ሁለቱም ኑሮ ሁሉ የቆመበትን አንዱን ምሰሶ መቱ። የእኛ ገበሬ በሬው ሲያልቅ መሬት እያለው የሚያርስበት አጣ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው አሳዩ የሚባለውም ለዚህ ነው። የአየርላንዱ ጭሰኛ በአንጻሩ መቆፈሪያም ጉልበትም ነበረው፤ የጎደለው መሬቱን የራሴ የሚልበት መብት ነው። ተማሪዎችዎ ይህን ልዩነት ራሳቸው እንዲያገኙት በሁለቱም በኩል «ይህ ሰው ነገ ምን ይዞ ይነሣል?» ብለው ይጠይቋቸው።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ሰው ሁሉ ምን አስቦ እንደሰጠ በአንድ ቃል መናገር ባይቻልም በ1984 ሙዚቀኞችን አሰባስቦ በ1985 ሐምሌ ላይቭ ኤይድ የተባለውን ታላቅ የርዳታ ኮንሰርት ያዘጋጀው ቦብ ጌልዶፍ አየርላንዳዊ ነው፤ አየርላንዳውያንም ስለ ውጭ ርዳታ ሲናገሩ ያን ረሃብ ደጋግመው ያነሣሉ። ለክፍል ውስጥ የሚሆን አንድ ነገር ልጠቁምዎ፦ በ1847 የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች የሆኑት ቾክቶዎች ከገዛ አገራቸው በግዳጅ ከተነቀሉ ገና አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው 170 ዶላር አዋጥተው ለአየርላንድ ሰጥተዋል። ዛሬ በኮርክ አውራጃ ሚድልተን ከተማ ለዚያ ስጦታ በላባ አምሳል የተሠራ የብረት ሐውልት ቆሟል።

ጥያቄ፦ ሲድኒ ከተማ፣ ሃይድ ፓርክ ባራክስ ግቢ ውስጥ በመስታወት ላይ የተጻፉ የሴቶች ስሞች አየን። ልጄ እነማን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ፤ የአየርላንድ ረሃብ መታሰቢያ ከመሆኑ በቀር የማውቀው አልነበረኝም። ስለ እነርሱ ለልጆች አጭር ታሪክ መጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ለእኔ እንዲያውም ከኖራ ታሪክ የበለጠ ያልተነካ ነው። በ1848 እና በ1850 መካከል ከ4,000 የሚበልጡ ልጃገረዶች፣ በአብዛኛው ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ወላጅ አልባዎች፣ ከአየርላንድ የነዳያን ቤቶች ተመርጠው በቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ በኧርል ግሬይ ስም በተጠራው ዕቅድ ወደ አውስትራሊያ ተልከዋል። ሃያ መርከቦች ጫኗቸው፤ ወደ ሲድኒ፣ ወደ ሜልበርንና ወደ አደሌድ። ሲድኒ የደረሱት ያረፉት እርስዎ ባዩት ግቢ ነው፤ ቀጣሪዎችም ወደዚያ እየመጡ ለቤት ሠራተኝነት ይወስዷቸው ነበር። አንዳንድ የአካባቢው ጋዜጦች ሥራ የማያውቁ፣ ባለጌዎች ናቸው እያሉ ስለጻፉባቸው ዕቅዱ ቶሎ ቆመ። ነዳያን ቤት ውስጥ ያደገች የ15 ዓመት ልጅ የብር ማንኪያ እንዴት እንደሚወለወል ከየት ትወቀው?

ታሪኩን ለልጆች ሲጽፉ ከሣጥኑ ይጀምሩ። እያንዳንዷ ልጅ ስትነሣ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን ይሰጣት ነበር፤ ምናልባት በሕይወቷ የመጀመሪያው የራሷ ንብረት። በውስጡ ስድስት የውስጥ ቀሚስ፣ ስድስት ጥንድ ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ሁለት ቀሚስ ነበረበት፤ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የዕቃው ዝርዝር ተለጥፏል፣ በፊት ለፊቱም ስሟ በቀለም ተጽፏል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የገዛ ስማቸውን ማንበብ አይችሉም ነበርና ወደቡ ላይ ሲወርዱ ሣጥናቸውን እንዴት ለዩት የሚለውን ልጅዎን ይጠይቋት።